ክፍል ድረስ የሚመጣ ሥልጠና፦ የአንድ ሴሚስተር ግምገማ

መምህራን በክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂን እንዲጠቀሙና በሙያቸው እንዲያድጉ የሚያግዝ አንድ የሥልጠና አገልግሎት ለአንድ ሙሉ ሴሚስተር ተከታትዬ ባለፈው ወር አጠናቅቄያለሁ። አገልግሎቱ በሦስት የተከፈለ ነው፤ በኢንተርኔት የሚወሰዱ ስምንት ሞጁሎች፣ በየሁለት ሳምንቱ ከሌሎች ሠልጣኞች ጋር የሚደረግ የአንድ ሰዓት ውይይት፣ እንዲሁም አሠልጣኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ስናስተምር የምታይባቸው ስድስት የክፍል ጉብኝቶች። የድርጅቱን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ ነው። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ብዙ በመሆናቸውም፣ አንባቢው ስሙን ከሚያውቅ ይልቅ አሠራሩን ቢያውቅ የበለጠ የሚጠቀም ይመስለኛል።

ሂሳብ ማስተማር ከጀመርሁ 22 ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ስለ ቴክኖሎጂ የወሰድኋቸው ሥልጠናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው። አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ አሠልጣኙ በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አምስትና ሃያ አፕሊኬሽን እያከታተለ ያሳየናል፤ የይለፍ ቃል ስንፈጥርና የፈጠርነውን ስንረሳ ግማሹ ጊዜ ያልቃል፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስንገባ ደግሞ እጃችን የሚሄደው ወደ ለመደው ጠመኔ ነው። ስለዚህ ለዚህኛው ስመዘገብ የተለየ ነገር ጠብቄ ነበር ብል እዋሻለሁ። የተመዘገብሁት በማስታወቂያው ላይ «የክፍል ጉብኝት» የሚለውን ስላየሁ ብቻ ነው፤ ሥራዬን ቁጭ ብሎ አይቶ ያየውን የሚነግረኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁና።

ከሞጁሎቹ ልጀምር፤ ከሦስቱ ደካማው ክፍል እርሱ ስለሆነ ቶሎ ላልፈው እችላለሁ። ቪዲዮዎቹ ጥራት አላቸው፤ ድምፃቸው በግልጽ ይሰማል፤ ጽሑፎቹም በስልክ ላይ ያለ ችግር ይነበባሉ። ጉድለታቸው ይዘቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሞጁል ዩኔስኮ ለመምህራን ያዘጋጀውን የኢንፎርሜሽንና ኮሙዩኒኬሽን ቴክኖሎጂ የብቃት ማዕቀፍ ያስተዋውቃል። ማዕቀፉ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በ2011 እና በ2018 የተሻሻለ ሲሆን፣ በሦስተኛው እትሙ 18 ብቃቶችን በስድስት የሥራ ዘርፎችና በሦስት ደረጃዎች ያደራጃል። የሥልጠና ፖሊሲ ለሚቀርጽ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ማክሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ምን ላድርግ ብሎ ለሚጠይቅ መምህር ግን ሰነዱ በቀጥታ የሚመልሰው ነገር የለም፤ ሊመልስም አልተጻፈም። ያን ክፍተት መሙላት የሞጁሉ ሥራ ነበር፤ ሞጁሉ ግን የብቃቶቹን ስም በምርጫ ጥያቄ ጠይቆኝ አለፈ።

ሳመር በሚባለው የሩበን ፑንቴዱራ ሞዴል አቀራረብም አልተስማማሁም። ሞዴሉ አንድ ቴክኖሎጂ ነባሩን ሥራ እንዲሁ ይተካል፣ ተክቶ ያሻሽላል፣ መልኩን ይለውጣል ወይስ ቀድሞ ሊሠራ የማይችል አዲስ ሥራ ይፈጥራል ብሎ ለመለየት የሚረዳ ባለ አራት እርከን መሰላል ነው። ሞጁሉ በታችኛው እርከን ላይ ያለውን መምህር እንደ ሰነፍ፣ ላይኛው ላይ የወጣውን እንደ ጎበዝ አድርጎ ስለሳለው፣ በአንዱ የውይይት ሰዓት አንድ ባልደረባችን «እኔ የማደርገው የልምምድ ጥያቄዎቹን በፕሮጀክተር ማሳየት ብቻ ነው» ሲል እንደሚያፍር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ይህ ሰው በየሳምንቱ ወረቀት ለማባዛት ወረፋ ይጠብቅበት የነበረውን ሁለት ሰዓት አትርፎ ደብተር ያርምበታል። ከታችኛው እርከን የተገኘ ቢሆንም፣ በዚያ ሴሚስተር ከሰማኋቸው ለውጦች ሁሉ ለተማሪ ይበልጥ የጠቀመው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከሞጁሎቹ ሁሉ ጊዜዬን አላባከነም የምለው አምስተኛው ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ካቀረበው ሐሳብ ይነሳል፤ ሂሳብን ማወቅና ማስተማርን ማወቅ ተለያይተው የሚቀመጡ ሁለት ዕውቀቶች ብቻ አይደሉም፤ ይህ የተወሰነ ርዕስ ለተማሪ የሚከብደው የቱ ጋ እንደሆነና በምን ምሳሌ እንደሚገባው ማወቅ ራሱን የቻለ የመምህር ዕውቀት ነው። ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኬለር እ.ኤ.አ. በ2006 በዚህ ላይ ቴክኖሎጂን ጨምረው ቲፓክ የሚባለውን ማዕቀፍ አቀረቡ። ሞጁሉ ይህን በአሥር ደቂቃ አብራርቶ ከጨረሰ በኋላ አንድ የቤት ሥራ ሰጠን፤ እያንዳንዳችን ተማሪዎቻችን ዘወትር የሚሳሳቱበትን አንድ ቦታ መርጠን፣ ስሕተቱን በተማሪው አነጋገር ጽፈን እንድናመጣ። የመረጥሁት የአሥርዮሽ ቁጥሮችን ማወዳደር ነበር። አሠልጣኟ መጀመሪያ ወደ ክፍሌ የመጣችው ይህን ጽሑፌን በእጇ ይዛ ነው።

በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ እርሷም ይህን ሳትዘነጋ ሁልጊዜ «መምህር» እያለች ነው የምትጠራኝ። በመጀመሪያው ጉብኝት ምንም መሣሪያ ይዛ አልመጣችም። ከክፍለ ጊዜው በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን «መምህር፣ ከዚህ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እርስዎ ራስዎ እርግጠኛ ያልሆኑበት የቱ ነው?» አለችኝ። ሳስበው ቆይቼ፣ ማን እንደገባው የማውቀው ፈተና ሳርም ብቻ ነው ብዬ መለስሁላት። በክፍሉ 54 ተማሪዎች አሉ፤ «ገብቷችኋል?» ስል የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ እነዚያው ሰባት ወይም ስምንት ልጆች ናቸው። መሣሪያ የመረጥነው ይህ ከተባለ በኋላ ነው፤ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ብልጫ የታየኝም እዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት በወሰድኋቸው ሥልጠናዎች መሣሪያው አስቀድሞ ተመርጦ ይመጣና ችግር ይፈለግለት ነበር።

የተመረጠው ፕሊከርስ የሚባለው ነው። ተማሪው ስልክም ኮምፒውተርም አያስፈልገውም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች የተደረደሩበት፣ ከሌላው የተለየ አንድ የወረቀት ካርድ ይሰጠዋል። በካርዱ አራት ጎኖች ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉት ፊደላት በደቃቁ ታትመዋል፤ ተማሪው የመረጠው ፊደል ወደ ላይ እንዲሆን ካርዱን አዙሮ ይይዛል፤ መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኝ የእያንዳንዱ መልስ በስሙ ወይም በተራ ቁጥሩ ሥር ይመዘገባል። የካርዱ ንድፍ ለየተማሪው ስለሚለያይና ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ አንዱ የሌላውን አይቶ መገልበጥ ያስቸግረዋል። ካርዶቹ ታትመው የሚወጡ ናቸው፤ ትልቁ ስብስብ 63 ካርድ ስለሆነ እንደ እኔ ላለው ሰፊ ክፍልም ይበቃል። ልጆቹን በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር ብቻ መዝግቤያቸዋለሁ፤ የተማሪ ስም የግድ ካላስፈለገ ወደ ማንኛውም ድረ ገጽ ባይገባ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካልኝም፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ካርዶቹ ቶሎ እንዳይቀደዱ ብዬ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ አስለብጫቸው ነበር፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን እየተንጸባረቀባቸው ካሜራው በመስኮቱ በኩል ያሉትን ሁለት ረድፎች ማንበብ አቃተው። ሌሎቹ ደግሞ ካርዱን እንደ ደብተር መሐሉ ላይ በአውራ ጣታቸው ስለያዙት ንድፉን ሸፈኑት። አሠልጣኟ ከኋላ ተቀምጣ ዝም ብላ አየች። ከክፍል ስንወጣ ካርዱን በሁለቱ ጫፎች መያዝን ልጆቹን አምስት ደቂቃ ወስጄ እንዳለማምዳቸው፣ ካርዶቹንም በወፍራም ወረቀት እንደገና እንዳሳትማቸው ነገረችኝ። ቀላል ምክር ነው፤ ግን ቪዲዮ ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ «ይህ ነገር ለእኔ ክፍል አይሆንም» ብዬ በዚያው ቀን መሳቢያ ውስጥ እከተው ነበር።

በሁለተኛው ጉብኝት ያቀረብሁት ጥያቄ ከ0.35፣ ከ0.8፣ ከ0.125 እና ከ0.09 ትልቁ የትኛው ነው የሚል ነበር። ከ54ቱ 41ዱ 0.8ን መረጡ፤ ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ርዕስ ተሻገርሁ። ኋላ ላይ ስንነጋገር አሠልጣኟ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛው «0.35ን የሚመርጥ ተማሪ ምን አስቦ ነው?» የሚል ሲሆን መልስ አልነበረኝም፤ ቦታ ለመሙላት ያስገባሁት ነበርና። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ጥያቄ ባወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ «0.8ን የመረጡት ለምን እንደመረጡት ያውቃሉ?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። ለሚቀጥለው ጉብኝት አንድ ጥያቄ አብረን አዘጋጀን፤ ከ0.4፣ ከ0.457 እና ከ0.46 ትልቁ የትኛው ነው? አራተኛውን ጎን ደግሞ «እርግጠኛ አይደለሁም» ለሚሉት ተውነው። ሲታይ እንደ ቀድሞው ጥያቄ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ መልስ ከአንድ የተወሰነ አስተሳሰብ ብቻ የሚመጣ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አሃዞች እንደ ሙሉ ቁጥር የሚያነብ ልጅ 457 ከ46 ይበልጣል ብሎ 0.457ን ይመርጣል። 0.4ን የሚመርጠው ደግሞ የሚያስበው በተቃራኒው ነው፤ አሃዙ በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ያንሳል ብሎ ያምናል። ይህ ሁለተኛው ልጅ በቀደመው ጥያቄዬ ላይ 0.8ን መርጦ ትክክል የተባለ ነው። ውጤቱ በስልኬ ላይ ሲወጣ ትክክለኛውን 0.46 የመረጡት 22 ብቻ ነበሩ፤ 20ዎቹ 0.457ን፣ 9ኙ 0.4ን መረጡ፤ 3ቱ እርግጠኛ አይደለንም አሉ።

እዚህ ላይ አሠልጣኟ ቀደም ብላ የነገረችኝን ዘዴ ሞከርሁ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የእርስ በርስ ማስተማር ዘዴ ነው፤ ተማሪዎች መጀመሪያ ለየብቻቸው ይመልሳሉ፤ ትክክለኛውን የመረጡት በግምት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ መምህሩ መልሱን ሳይናገር ከጎናቸው ካለው ተማሪ ጋር እንዲከራከሩ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያም እንደገና ይመርጣሉ። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ የሚያስረዳ ሰው በአጠገባቸው አይገኝም፤ ከ70 በላይ ከሆነ ደግሞ የሚከራከር ሰው ስለማይኖር ወደፊት መሄድ ይሻላል። የእኔ 41 በመቶ ገደማ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሰጥቻቸው በረድፎቹ መሐል ስዘዋወር አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ «አንድ አሃዝ ካለው አሥረኛ ነው፤ ሦስት ካለው ሺህኛ ነው፤ ሺህኛ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ 0.4 ይበልጣል» ስትል ሰማኋት። እኔው ራሴ ያስተማርኋትን ነገር ነው የምትናገረው፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ለብቻው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መደምደሚያው ብቻ ነው። ጓደኛዋ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሦስቱንም በሦስት አሃዝ ጽፎ፣ 0.400፣ 0.457፣ 0.460 አድርጎ አሳያት። በሁለተኛው ምርጫ ትክክል የመለሱት 43 ደረሱ። በ22 ዓመት የማስተማር ዘመኔ «ሺህኛ ትንሽ ነው» የሚለውን ሐሳብ ከተማሪ አፍ የሰማሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያልሰማሁት ሐሳቡ ሳይኖር ቀርቶ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው።

ስለ ፕሊከርስ አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ መልሱን ይሰበስባል እንጂ ጥያቄውን አያሻሽልም፤ በ0.35 የተሞላው የመጀመሪያው ጥያቄዬም ያምር የነበረ ባለ ቀለም ግራፍ ወጥቶለታል። ይህን የማነሣው፣ አገልግሎቱን የሚያስተዋውቁት ሰዎች በገጻቸው ላይ የሚያሳዩት ያንኑ ግራፍ እንጂ ጥያቄ የተዘጋጀበትን ሁለት ሰዓት ስላልሆነ ነው።

አራተኛው ጉብኝት በቪዲዮ የተደገፈ ነበር። አሠልጣኟ የራሴን ስልክ ከኋላ መደርደሪያ ላይ አቁማ፣ ልጆቹ ሳይሆኑ እኔና ሰሌዳው እንድንታይ አድርጋ አርባ ደቂቃ ቀረጸችኝ። ቅጂው በእኔ ስልክ እንዲቀር ማድረጓን ወደድሁላት። ከዚያ ውስጥ አብረን ያየነው ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሥራዬም አንድ ነበር፤ ጥያቄ ጠይቄ እንደገና እስክናገር ድረስ ያለውን ዝምታ በሰከንድ መቁጠር። ራሴን ታጋሽ መምህር አድርጌ ነበር የምቆጥረው። «ስንት ይሆናል? ማን ይነግረኛል? ከበደ እንዴ? ቀላል ነው እኮ!» እያልሁ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ስጨርስ ሳይ፣ ስክሪኑን አዙሪው ልላት ምንም አልቀረኝም። የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክፍል ቅጂዎችን አጥንታ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት ደግሞ የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና መልስ የማይሰጡ ተማሪዎች ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይታለች። አሠልጣኟ ይህን የነገረችኝ የራሴን ሰከንዶች ከቆጠርሁ በኋላ ነው፤ ቀድማ ብትነግረኝ «ይህ ሌሎችን የሚመለከት ነው» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ጥያቄ ከጠየቅሁ በኋላ ጠመኔውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛውራለሁ፤ ሦስት ሰከንድ ይወስድብኛል።

አምስተኛው ጉብኝት ከፍ ባለው ክፍል የቀጥታ መስመር ግራፍ ባስተማርሁበት ቀን ነበር። ፌት የሚባሉትን የኮምፒውተር ማሳያዎች ለመጠቀም አስቀድመን አቅደናል። እነዚህን ማሳያዎች በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በቦልደር እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ዋይማን ነው፤ በነፃ የሚሰጡ ሲሆኑ አብዛኞቹን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማስኬድ ይቻላል፤ ይህ ዋይፋይ ለሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። የመስመሩን ስሎፕ (የመዘንበሉን መጠን) በማንሸራተት መስመሩ ሲቀናና ሲዘነብል ወዲያው ይታያል። እኔም እየጎተትሁ፣ ልጆቹም «ዋው» እያሉ ሃያ ደቂቃ አለፈ። ክፍለ ጊዜው የተዋጣልኝ መስሎኝ ነበር። አሠልጣኟ በማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው «መምህሩ መስመሩን 31 ጊዜ አንቀሳቅሰዋል፤ ተማሪዎች 0 ጊዜ» የሚል ነው። ሌላ አስተያየት አልጨመረችም። በሚቀጥለው ክፍል ያንኑ ትምህርት ስደግመው ልጆቹ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው በወረቀት ሥለው፣ ከዚያ አንድ ልጅ ወደ ላፕቶፑ መጥቶ እንዲያንቀሳቅሰው አደረግሁ። በዚያ ቀን የፕሮጀክተሩን ገመድ ማረፊያ ክፍል ረስቼው ነበር፤ ሥዕሉ በወረቀት ስለነበረ ትምህርቱ አልቆመም፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አቁመን በቡድን በቡድን እየመጡ አዩት።

ሌሎቹን መሣሪያዎች በአጭሩ። አገልግሎቱ ሁላችንም በጉግል ክላስሩም ላይ ክፍል እንድንከፍት ጠይቆን ነበር። ክላስሩም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያለ፣ የቤት ሥራ ለመስጠትና ለመሰብሰብ የቀለለ መድረክ ነው፤ ማርቲን ዱጊያማስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ሙድል ደግሞ የፕሮግራሙ ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው ይችላል፤ ሆኖም የሚያስተዳድረው የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የትምህርት ቤቱ እንጂ የአንድ መምህር ውሳኔ ስላልሆነ ሥልጠናው ለዚህ ሁለት ሳምንት የመስጠቱ ጥቅም አልታየኝም። ፈጥኖ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ስለሚሰጡት የጥያቄና መልስ ጨዋታዎችም ብዙ ተብሎ ነበር፤ ዓርብ ከሰዓት ክፍሉን ለማንቃት ይጠቅማሉ፤ ልጅ ምን እንዳሰበ ለማወቅ ግን አይጠቅሙም፤ የሚያስብ ልጅ ይዘገያልና።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ከሦስተኛው ጉብኝት በኋላ ርዕሰ መምህራችን ቢሮአቸው አስጠርተውኝ «የመጀመሪያው ቀን ካርዱ አልሠራም አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። በክፉ ልብ አልነበረም፤ እንዲያውም አዲስ ካርድ የሚታተምበትን ወረቀት ሊፈቅዱልኝ ፈልገው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ የአሠልጣኟ ማስታወሻ እርሳቸው ዘንድ መድረሱ ነው። ስንመዘገብ ምልከታው ለመምህሩ ብቻ እንደሆነ ተነግሮናል፤ ኋላ ላይ ውሉን ገልጬ ሳነብ ግን ትምህርት ቤቱ የጋራ ዘገባ እንደሚደርሰው በአራተኛው ገጽ በአንድ መስመር ተጽፏል። አሠልጣኟም የምትሞላው ቅጽ በቀጥታ ወደ ዘገባው እንደሚገባ አታውቅም ነበር፤ ይቅርታ ጠይቃኝ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን በራሷ ደብተር፣ ጠቅላላውን ብቻ በቅጹ ላይ መጻፍ ጀመረች። ድርጅቱ በኢሜይል ላቀረብሁት ጥያቄ የሰጠው መልስ «አስተያየትዎን እናመሰግናለን» የሚል ነበር።

ነገሩን ትንሽ ብዬ የማላልፈው፣ ለመምህሩ ዕድገት ተብሎ የሚደረግ ምልከታና ለሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚደረግ ምልከታ ሲቀላቀሉ መምህሩ የሚያሳየው ነገር ስለሚለወጥ ነው። ዘገባው የሚሄድበትን ብገምት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን «የማልችለው ይህ ነው» አልልም ነበር፤ ዘወትር የሚሳካልኝን ትምህርት አዘጋጅቼ አሳያት ነበር፤ 0.46ም፣ 31ዱ መጎተትም ባልመጡ ነበር።

ሌላው የስድስተኛው ጉብኝት ጉዳይ ነው። ስድስት ጊዜ ተብሎ የተገባው ቃል በተግባር አምስት ሆነ፤ የመጨረሻው በቪዲዮ ጥሪ ተተካ። አሠልጣኟ ሴሚስተሩ ሲጀመር 12 መምህራን እንደነበሯት፣ አጋማሹ ላይ 30 እንደደረሱላት ነግራኛለች። ድርጅቱ ማደጉን እንደ ስኬት ማስተዋወቁ ይገባኛል፤ ይሁንና ማቲው ክራፍት፣ ዴቪድ ብላዛርና ዲላን ሆጋን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 60 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በክፍል ውስጥ የሚሰጥ የአሠልጣኝ ድጋፍ የማስተማር ጥራትን በ0.49፣ የተማሪ ውጤትን በ0.18 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካበት አሃድ) እንደሚያሻሽል ቢያገኙም፣ ብዙ መምህራንን የሚያቅፉት ፕሮግራሞች ውጤታቸው ከትንንሾቹ እንደሚያንስም አይተዋል። የመምህራን ሥልጠናን ያጠኑት ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሉት የኖሩት ገለጻና ማሳያ ብቻውን፣ ክፍል ድረስ የሚከተል ሰው ከሌለው፣ ወደ ዕለት ሥራ እምብዛም እንደማይሻገር ነው። ድርጅቱ የእነ ክራፍትን ጥናት በመጀመሪያው ሞጁሉ ውስጥ በኩራት ጠቅሶታል፤ ያንኑ የጠቀሰውን ነገር ግን በሴሚስተሩ አጋማሽ ቀነሰው።

ስለ ሰርተፍኬቱ ብዙ የምለው የለም። 40 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ቪዲዮዎቹን በትኩረት ቢከታተል ከእኔ የተሻለ ነጥብ ያመጣበታል። የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ሰዓት የሚቆጥር ትምህርት ቤት ላለው ሰው ወረቀቱ ይጠቅመዋል።

የየሁለት ሳምንቱ ውይይት መካከለኛ ነበር። ጥሩ የሚሆነው አንድ ሰው የተማሪ ሥራ ወይም የራሱን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ነው፤ ይዞ የመጣ በሌለበት ቀን ወደ ደመወዝና ወደ ወላጆች ወሬ ይሻገራል፤ እኔም ከተሻጋሪዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ለማን ይመከራል ለሚለኝ፣ የተወሰነ ዓመት አስተምሮ አንድ ዘወትር የሚያስቸግረው ርዕስ ያለው መምህር ከሁሉም የበለጠ የሚጠቀምበት ይመስለኛል። በመጀመሪያ ዓመቱ ያለ መምህር ገና ክፍሉን ጸጥ ለማድረግ የሚታገል ስለሆነ ካርድና ማሳያ ጭነት ይሆኑበታል፤ በአጠገቡ ሆኖ የሚያማክረው ነባር መምህር ቢመደብለት ይበልጠዋል። የሚመዘገብ ሰው ግን አስቀድሞ ድርጅቱን በጽሑፍ ቢጠይቅ የምመክረው፣ አሠልጣኟ በአንድ ሴሚስተር ስንት መምህራን እንደምትይዝ፣ የምልከታው ማስታወሻ በማን እጅ እንደሚቀርና ጉብኝቱ ሲቀር በምን እንደሚተካ ነው። ስለ አፕሊኬሽኖቹ ብዛት መጠየቅ አያስፈልገውም፤ እርሱን ሳይጠየቁም ይነግሩታል።

ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሞጁሎቹን ትተው ጉብኝቶቹን ብቻ እንዲሸጡልኝ ጠይቄያቸው ነበር፤ ለየብቻ አንሸጥም የሚል መልስ ስላገኘሁ አልተመዘገብሁም። ባለፈው ሳምንት ያ ወረቀቱን በፕሮጀክተር የሚያሳየው ባልደረባችን በትርፍ ክፍለ ጊዜው መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ደብተሩን ገልጦ ዝምታዬን በሰከንድ ቆጠረ። አራት ብሎ ጻፈልኝ። ሐሙስ እኔ እርሱ ክፍል እሄዳለሁ፤ ምን እንድቆጥርለት እንደሚፈልግ ገና አልነገረኝም።